የተከስተ አስተማሪዎች

ካዛንቺስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አጸደ፣

በመልክ ሳላውቅዎ በወረቀት ደጅዎን ማንኳኳቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? የጅቡቲስ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? እኔ ጽጌሬዳ ነኝ፤ የአጎትዎ ልጅ የበለጠ ልጅ። አባታችን ባለፈው ዓመት ማረፉን ሰምተዋል ብዬ አስባለሁ። «አጸደ በስልክ ማውራት አትወድም፤ ደብዳቤ ከጻፉላት ግን ሳትመልስ አትቀርም» ይል ስለነበር ነው የጻፍኩት። ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ ኤርሚ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ቡልጋሪያ ሰፈር ካለ ጋራዥ መኪናውን ሲያሠራ አግኝቼው፣ ጅቡቲ ሲገባ እርስዎ ምግብ ቤት እንደሚበላ ነገረኝ።

እኔም እንደ እርስዎ መምህር ነኝ፤ ያውም እርስዎ ድሮ ያስተማሩበት ትምህርት ቤት። የስድስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነበር የያዝኩት። ባለፈው ዓመት የመምህራን የሙያ ፈቃድ ምዘና ተፈትኜ በጥቂት ነጥብ ወደቅኩ። የወደቅነው ብዙ ነን፤ ዳይሬክተራችን አቶ ተከስተ ግን እኔን መረጠ። ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ እንዳበቃ ማይኩን ያዘና፣ «ልጆች፣ መምህርታችሁ ጽጌሬዳ ፈተና ወድቃለች። እናንተ ስትወድቁ ክፍል ትደግማላችሁ አይደል? እሷም ትድገም!» አለ። ልጆቹ ሳቁ። በዚያው ቀን ክፍሌን ለሌላ ሰጥቶ እኔን መጽሐፍ ማከማቻ አስገባኝ። አሁን አቧራ ስጠርግ ነው የምውለው።

ግንቦት ላይ እንደገና እፈተናለሁ። አባቴ «አጸደ ብትኖር እንግሊዝኛውን እሷ ታስጠናሽ ነበር» ይል ነበርና፣ እንዴት ላጥና? ምክርዎን እሻለሁ። እውነቱን ልንገርዎት እትዬ፦ ማለፍ የምፈልገው ለደረጃ እድገት ብቻ አይደለም። ያንን ሰው አንድ ቀን አንገቱን ሳስደፋው ማየት ስለምፈልግ ነው።

አክባሪዎ፣
ጽጌሬዳ በለጠ

*

ጅቡቲ፣ ህዳር 24 ቀን 2006

ልጄ ጽጌሬዳ፣

የበለጠን ነፍስ በደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልኝ፤ ለአንቺም የማይታክት ጉልበት ይስጥልኝ። እዚህ ደህና ነኝ። ሾፌሮቹ ሩዝና ስጋ ስጪን እያሉ ይጮሁብኛል፤ እኔም እጮህባቸዋለሁ፤ እንዲህ ሆኖ ይመሻል።

መልሴ የዘገየው ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ስለቀደድኩት ነው።

ስለ ጥናቱ የምለው አንድ ነገር አለኝ። አንገትሽን ደፍተሽ ብቻሽን አትሸምድጂ። የተረዳሽውን ነገር ለሌላ ሰው አስረጂ፤ ሰው ካጣሽ ለግድግዳው አስረጂ። ስታስረጂ የተደናቀፍሽበት ቦታ፣ እሱ ነው ያላወቅሽው። እኔ ሰው ሳስጠና እንደዚያ ነበር የማደርገው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። አቶ ተከስተ ያልሽው ዳይሬክተር ቀይ፣ ረጅም ነው? ለመዋሸት ሲዘጋጅ ከንፈሩን በምላሱ ያርሳል? መቼ ነው ወደዚያ ትምህርት ቤት የመጣው፣ ወይስ ከጥንትም እዚያው ነበር? ትርሓስ የምትባል የአንደኛ ክፍል መምህርትስ አሁንም አለች? ይህን ብቻ ጻፊልኝ። ለምን እንደጠየቅኩሽ ለጊዜው አትጠይቂኝ።

አጸደ

*

ካዛንቺስ፣ ታህሳስ 15 ቀን 2006

ለእትዬ አጸደ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ፤ ደብዳቤዎ ደርሶኝ ደስ ብሎኛል። አዎ፣ ቀይ ነው፣ ረጅምም ነው። ከንፈሩን ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር፤ አሁን ሳየው እውነትዎን ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ እዚሁ ነው የኖረው ይላሉ። እማማ ትርሓስም አለች፤ ጡረታዋ ተቃርቧል። መጽሐፍ ማከማቻ ከገባሁ ወዲህ ምሳዋን ይዛ መጥታ አብራኝ የምትበላው እሷ ብቻ ናት። እሷም እንደኔ ወድቃለች።

አሁን የምነግርዎትን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። ባለፈው ሐሙስ አቶ ተከስተ ቢሮው አስጠራኝ። ገባሁ። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ቁጭ በዪ ልጄ» አለኝ። ልጄ! እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።

«ይሻለኛል ጋሽ ተከስተ፣ እቆማለሁ።»

«ማለቴ… ዘንድሮ እኛም ልንፈተን ነው። የትምህርት ቤት አመራር በሙሉ። ጥያቄው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው አሉ። አንቺ በእንግሊዝኛ ጎበዝ ነሽ፤ አውቃለሁ። የወደቅሽው በዕድል ነው።»

ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተጠጋሁ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ኡራኤል አካባቢ ካፌ ቁጭ ብለን ብታስጠኚኝ… ክፍልሽን ከጥር ጀምሮ እመልስልሻለሁ። ይሄ ነገር ግን በኔና ባንቺ መካከል ነው። አንድ ሰው ቢሰማ…» ከንፈሩን በምላሱ አራሰ።

አስቤ ልንገርዎት ብዬ ወጣሁ። መልሴ በእርግጥ እምቢ ነው፤ እጄን ከሱ እጅ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ያስጠላኛል። ግን እርስዎ ሰውየውን የሚያውቁት ይመስለኛልና ከመናገሬ በፊት ምን ይላሉ?

ጽጌሬዳ

*

ጅቡቲ፣ ታህሳስ 21 ቀን 2006

ጽጌሬዳ፣

ኤርሚ እስኪመለስ ሳልጠብቅ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሌላ መኪና ስላገኘሁ ሾፌሩን አስቁሜ በቁሜ ነው የምጽፍልሽ። እምቢ አትበዪው።

ተከስተንና እኔን አንድ የመምህራን ማሰልጠኛ ነው ያስተማረን። ሲመጣ እንግሊዝኛ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ከምሳ በኋላ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር እያስቀመጥኩ አስተማርኩት። የእኔ ልጅነት ሌላው በእግሩ ሲንሸራሸር እሱን ሳስጠና አለቀ። አብረን ተመረቅን፣ አብረን ካዛንቺስ ተመደብን። እህቴ ይለኝ ነበር።

በሰማንያ አምስት ዓ.ም. በየመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ሲካሄድ ለምክትል ዳይሬክተርነት የኔ ስም ተነስቶ ነበር። መምህራን ማረፊያ ክፍል ተሰበሰብን። ሰብሳቢው «በአጸደ ላይ አስተያየት ያለው?» ሲል ተከስተ እጁን አወጣ። «አጸደ የድሮው ሥርዓት ናፋቂ ናት» አለ። ይሄንን ያኔ ለሁሉም ሰው ይሉት ነበር፤ አልደነገጥኩም። ቀጥሎ ግን፣ «ብቃትም የላትም። ልጆቹን ስህተት ታስተምራለች። በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ። ትርሓስ ጥግ ተቀምጣ ነበር። እውነቱን ታውቃለች። አፏን አልከፈተችም። እኔ ተባረርኩ፣ ምክትልነቱን እሱ ወሰደ።

ሌባ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ሌባ አለመሆኔን አውቃለሁ። አትችይም ሲለኝ ግን፣ ልጄ፣ ራሴን ጠረጠርኩ። እዚህ አገር መጥቼ እንኳ ማስተማር ስችል አልሞከርኩም፤ ጥቁር ሰሌዳ ሳይ እጄ ይዝላል። ድስት ሥር የገባሁት ለዚህ ነው።

ስለዚህ እሺ በዪው። አስተምሪው። ግን ገልብጠሽ አስተምሪው። ጠማማውን ቀጥ ባለ ድምፅ ንገሪው። እኔ ያስገባሁለትን አንድ በአንድ አውጪበት። ፈተናው ላይ ተቀምጦ ባዶውን ይቅር።

አጸደ

*

ካዛንቺስ፣ የካቲት 10 ቀን 2006

ለእትዬ አጸደ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ጀምሬያለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ካፌው ጥግ ላይ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ይቀመጣል፤ ሰው እንዳያየው። ማኪያቶ ያዝዝልኛል። እኔም እገለብጥለታለሁ። መምህር ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ፎርማቲቭ የሚባለው ምዘና ተማሪውን በየዕለቱ እየተከታተሉ የሚመዝኑት ነው፤ ሰማቲቭ ደግሞ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና። ለሱ ግን አገላብጬ ሰጠሁት። «እንዲህ ቀላል ነው እንዴ? አሰልጣኞቹ ዝም ብለው ሲያወሳስቡት ከርመው!» ብሎ ሳቀ። በየስልጠናው ተቀምጦ የታሸገ ውሃ ሲጠጣ እንጂ ሲሰማ አልነበረም መሰለኝ። ሰዋስውም አልቀረለትም። ከ«ዲድ» በኋላ «ዌንት» ነው አልኩት፤ «ዲድ ሂ ዌንት» እያለ ደጋግሞ አጠና። «ጎ» የሚለው ትዝ ብሎት ጥርጣሬ ሲገባው፣ «እሱ የድሮ እንግሊዝኛ ነው፤ ተቀይሯል» አልኩት። አመነኝ!

እትዬ፣ እንዲህ የሚያስደስት ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። ገና ሳልደርስ በመንገድ ላይ ብቻዬን እስቃለሁ። ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ፤ ስህተቱን አሳምሬ ለማዘጋጀት ትክክለኛውን ጥርት አድርጌ ማወቅ አለብኝ። አምና የከበደኝ ሁሉ አሁን ውሃ ሆኖልኛል። ክፍሌም ተመልሶልኛል።

አንዳንዴ ብቻ፣ «ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» ሲለኝ ትንሽ ይከብደኛል። እርስዎን ግን አስታውሳለሁ፤ ይለቀኛል።

ጽጌሬዳ

*

ጅቡቲ፣ መጋቢት 2 ቀን 2006

ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ!

ደብዳቤሽን ምድጃው አጠገብ ቆሜ አንብቤ እንደ ልጅ ሳቅኩ። ሾፌሮቹ «እማማ ዛሬ ምን አገኙ?» እያሉ ጠየቁኝ። እስቲ ተጨማሪ ጻፊልኝ። ሲጽፍ አሁንም ወረቀቱ ላይ ይደፋል? ያልገባውን ነገር የገባው ለማስመሰል ራሱን ይነቀንቃል? ዕድሜ ተጫጭኖታል? ጥርሱስ አለ? ሁሉንም ጻፊልኝ፤ ምንም አታስቀሪ።

ልጄ ሲለኝ ይከብደኛል ላልሽው፣ እኔንም እህቴ ይለኝ ነበር። አትራሪለት።

አጸደ

*

ካዛንቺስ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2006

ለእትዬ አጸደ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እንዳሰብነው አልሆነም፤ የሆነውን ግን ይስሙኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አቶ ተከስተ የወደቁትን መምህራን በሙሉ መምህራን ማረፊያ ክፍል ሰበሰበ። «እኔ ራሴ ላዘጋጃችሁ ነው» አለ። እርስዎ የተገመገሙበት ክፍል ነው እትዬ፤ ሰሌዳ አስገብተውበታል። ጠመኔ ያዘና ከኔ የቃረመውን በሙሉ የራሱ እውቀት አስመስሎ ማስተማር ጀመረ። መጀመሪያ «ዲድ ሂ ዌንት» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ ቀጥሎ «ፎርማቲቭ ማለት የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ነው፤ ጻፉ!» አለ።

እኔ መጀመሪያ ሳቄን ለመዋጥ አፌን ያዝኩ። ከዚያ ወደ ጎን ሳይ እማማ ትርሓስ መነጽሯን አስተካክላ ትጽፋለች። ቃል በቃል። አፏ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ይቺ ሴት ዳግመኛ ብትወድቅ ዕድሜዋን ሙሉ ሲያሳፍራት እንደሚኖር አሰብኩ፤ የልጅ ልጆቿ እዚያው ግቢ ይማራሉ። በእኔ ተንኮል ነው የምትወድቀው። ሳላስበው ተነሳሁ።

«ጋሽ ተከስተ፣ ይቅርታ። ተገልብጧል።»

«ምኑ?»

«ፎርማቲቭ የዕለት ተዕለቱ ክትትል ነው። የመጨረሻው ፈተና ሰማቲቭ ነው። ማን ነው እንደዚያ ብሎ ያስተማረዎት?»

አየኝ። አንቺ ነሽ ማለት አይችልም። ልጆች ፊት ያዋረዳትን ሴት ተደብቆ ሲለምን እንደከረመ ሁሉም ሊያውቅ ነው። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ዳግም የሚባለው የሒሳብ መምህር ከኋላ፣ «በቃ እኛንም ገደል ሊከቱን ነው!» ብሎ ሲስቅ ሌሎቹም ሳቁ። እትዬ፣ የዚያ ሳቅ ጣፋጭነት! እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ለዘላለም ይበቃኝ ነበር።

እሱ ግን ከንፈሩን በምላሱ አራሰ።

«ድሮ እዚህ ትምህርት ቤት አጸደ የምትባል ሴት ነበረች» አለ። «እኔ መጀመሪያ የተማርኩት ከሷ ነው። ስህተት ነበር የምታስተምረው፤ ለዚሁም ነው የተባረረችው። ይኸው ስህተቷ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።»

የእማማ ትርሓስ እስክሪብቶ ወለል ላይ ወደቀ።

እኔ ከዚያ በኋላ ድምፄን መቆጣጠር አልቻልኩም። «አጸደ የአባቴ የአጎት ልጅ ናት!» አልኩት። «ይሄን የተገለበጠ ነገር ያስተማርኩዎት እኔ ነኝ። ኡራኤል ካፌ ውስጥ፣ ጀርባዎን ለመንገዱ ሰጥተው። ሆን ብዬ ነው የገለበጥኩት። እሷ ያስተማረችዎት ትክክለኛውን ነበር። በእሷ እንግሊዝኛ ነው ተመርቀው እዚህ የደረሱት። ከዚያ እዚሁ ክፍል ውስጥ እጅዎን አውጥተው አትችልም አሏት። ዛሬም ያንኑ ደገሙት!»

መምህር ዳግም ሳቁን ትቶ፣ «እማማ ትርሓስ፣ እርስዎ ነበሩ፤ እውነት ነው?» አላት።

ቀና አለች። «እውነት ነው» አለች። «እዚያ ጥግ ነበርኩ። ጎበዝ መምህርት ነበረች። አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ።»

አቶ ተከስተ ጠመኔውን ሰሌዳው ሥር አስቀመጠና ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋውም። እኔም ሰሌዳውን ጠርጌ ትክክለኛውን ጻፍኩላቸው።

እንግዲህ ፈተናው ላይ ባዶውን አይቀርም፤ ተንኮላችንን አውቋል። ያዘዙኝን አበላሸሁብዎት። ተቆጥተውኝ ከሆነ ይንገሩኝ።

ጽጌሬዳ

*

ቄራ፣ ሰኔ 20 ቀን 2006

ለእትዬ አጸደ፣

ሚያዝያ ላይ ለጻፍኩት መልስ አላገኘሁም። ኤርሚን ስጠይቀው «እጇ ላይ ሰጥቻታለሁ፤ አንብባ ወደ ጓዳ ገባች» አለኝ። ተቀይመውኝ እንደሆነ እያሰብኩ ከርሜያለሁ። እንደዚያም ሆኖ ወሬውን መከልከል አልችልም።

አቶ ተከስተ ለክፍለ ከተማው ከሰሰኝ፤ አሳሳተችኝ ብሎ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ፤ ቄራ አጠገብ ነው፤ ነፋሱ ሲዞር የከብቱ ሽታ ክፍል ድረስ ይገባል። ጉዳዩ ገና አልተዘጋም፤ ሌላ ጥፋት ከተገኘብኝ ይብስብኛል ብለውኛል። አልጸጸትም። አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኛል፤ በዚያ ቅዳሜ ሳላርመው ትቼው ፈተናው ላይ ቢወድቅ ኖሮ የሚል ሐሳብ አንዳንዴ ይመጣብኛል፤ ከዚያ ትርሓስ ትዝ ስትለኝ ይጠፋል።

ፈተናውን አለፍኩ እትዬ! በጥሩ ውጤት። እማማ ትርሓስም አልፋለች፤ ደውላ እያለቀሰች ነገረችኝ። አቶ ተከስተ ግን ፈተናው ላይ አልተገኘም። ስሙን ሦስት ጊዜ ጠርተው ወንበሩ ባዶ ነበር አሉ። ሰው ፊት ሲያልፍ «ዲድ ሂ ዌንት?» የሚል ድምፅ ከኋላው እየሰማ፣ ማን እንዳለው ሳያውቅ እየዞረ ከርሟል። በመጨረሻ በሕመም ሰበብ ጡረታ ጠየቀ። ሰኔ 28 ቀን ከሰዓት በኋላ መምህራን ማረፊያ ክፍል ሽኝት ያደርጉለታል። በክብር! ክፍለ ከተማው ሰው ይልካል፣ ስጦታ ተገዝቷል። ይሄ ነው ያንገበገበኝ። እኔ ግቢው እንዳልደርስ ተነግሮኛል።

እባክዎ አንድ መስመር እንኳ ይጻፉልኝ።

ጽጌሬዳ

*

ጅቡቲ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2006

ልጄ ጽጌሬዳ፣

በወጣሽበት መንገድ ሁሉ ፊት ለፊትሽ ብርሃን ይቅደምልሽ። ፈተናውን በማለፍሽ የተሰማኝን ደስታ በወረቀት አልችለውም።

አልተቀየምኩሽም። ዝም ያልኩት ያ ሰው ስሜን ዛሬም እንደዚያ ብሎ መጥራቱን ካነበብኩ በኋላ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ ስላለኝ ነው። አሁን የምነግርሽን ትርሓስ ሳትነግርሽ አልቀረችም፤ ከኔም ስሚው።

መጥቼ ነበር። ሽኝቱ ቀን ካዛንቺስ ነበርኩ። አንቺን ሳላይ መመለሴ ያሳዝንሻል፤ ይቅር በዪኝ። አብረሽኝ ብትታዪ ክሱን ያከብዱብሽ ነበር። ደግሞም አንቺን ባይ ሆዴ ይባባል፤ ለሄድኩበት ነገር የባባ ሆድ አይሆነኝም።

ሰፈሩን ፎቅ ወርሶታል፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ጠፍቼ ነበር። ዘበኛውን የአቶ ተከስተ እንግዳ ነኝ አልኩት፤ አስገባኝ። ክፍሉ ሞልቷል፣ ከፊት ጠረጴዛው ላይ ድፎ ዳቦ ተቀምጧል፣ እሱ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ መካከል ላይ ተሰይሟል። ጸጉሩ ሸሽቷል። ጥርሱ አለ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ከክፍለ ከተማ የመጣው ሰው ረጅም ንግግር አደረገና፣ «አስተያየት ያለው?» አለ።

እጄን አወጣሁ።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አለኝ ሰውየው።

«አጸደ እባላለሁ። እዚህ አስተማሪ ነበርኩ። አቶ ተከስተን እንግሊዝኛ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከዚህ ክፍል ስወጣ ማንም አልሸኘኝም። ዛሬ ለመሸኘት ነው የመጣሁት።»

ተከስተ ከወንበሩ ግማሽ ተነሳ። «አጸደ…» አለ። ተመልሶ ተቀመጠ። የክፍለ ከተማው ሰው ግራ ገብቶት ወደ መምህራኑ ዞረ፤ አንድም ሰው አላስረዳውም። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት።

ያኔ ትርሓስ ተነሳች። አርጅታለች ልጄ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ቢላዋ አንስታ በሁለት እጇ አምጥታ ሰጠችኝ። «ዳቦውን አንቺ ቁረሺው» አለች። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ይቅር አላልኳትም። ቢላዋውን ግን ተቀበልኳት።

ሄጄ ቆረስኩት። የመጀመሪያውን ቁራሽ ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

«ብላ ተከስተ።»

«አጸደ፣ እኔ እኮ ያኔ… ጊዜው…»

«ብላ።»

ዙሪያውን ተመለከተ። የሚያድነው ሰው አልነበረም። ተቀበለኝ፣ አፉ ውስጥ አስገባው፣ ያላምጠው ጀመር። አልወርድ አለው። «ውሃ» አለ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አልተነሳም። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የዳቦው ይሁን የሌላ አላውቅም፤ ለማወቅም አልፈለግኩም። እኔ እስኪውጠው ድረስ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲውጠው አየሁ። ከዚያ ቢላዋውን ፊቱ አስቀምጬ፣ በር ላይ የቆሙትን «አሳልፉኝ» ብዬ ወጣሁ።

አጸደ